ወደ ኩበር ፒዲ በመኪና ለምትሄድ እህት፦ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጉድጓዶቹና ስለ እናትሽ ቀለበት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜልበርን ነው። በሚያዝያው የትምህርት ቤት እረፍት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር (9 እና 6 ዓመታቸው ነው) በመኪና ወደ በረሃዋ የኦፓል ቁፋሮ ከተማ ኩበር ፒዲ ልንሄድ አስበናል። እናቴም ለጥቂት ወራት ከደሴ መጥታለች፤ አብራን ትሄዳለች። ሦስት ነገር ልጠይቅ። መንገዱ ለልጆችና ለትልቅ ሰው ይሆናል ወይ? እዚያ ኦፓል የሚባለውን ባለ ቀለም የጌጥ ድንጋይ መግዛት ያዋጣል ወይስ እንታለላለን? ሦስተኛው፣ እናቴ የወሎ ደላንታ ኦፓል ቀለበት አላት። እዚህ አንድ ጌጣጌጥ ቤት ያለ ሰው አይቶት ‹ይሄ ውሃ የሚጠጣው ዓይነት ነው፣ ዋጋ የለውም› አላት። ከዚያ ወዲህ አውልቃ ሻንጣዋ ውስጥ ከታዋለች። እውነቱን ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ የቀለበቱ ነገር አንገብግቦኛል። እናትሽ ቀለበታቸውን ዛሬውኑ ከሻንጣ አውጥተው ያድርጉት። ውሃ ይጠጣል መባሉ እውነት ነው። ዋጋ የለውም መባሉ ግን ውሸት ነው። ወደ ኩበር ፒዲም ቀለበቱን ይዘውት ይሂዱ፤ እዚያ ብዙ ነገር ያስተምራችኋል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

እኔ ኦፓል ቆራጭ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት አዲስ አበባ የደላንታን ድንጋይ እየቆረጥኩ ነው። አሁን የምኖረው አደላይድ ሲሆን የአውስትራሊያውንም የእኛንም እቆርጣለሁ። ኩበር ፒዲ ድንጋይ ፍለጋ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። የምነግርሽ በእጄ ያለፈውንና በዓይኔ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ መንገዱ። ከሜልበርን አደላይድ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአደላይድ ኩበር ፒዲ ደግሞ 846 ኪሎ ሜትር። መሄጃው ብቻውን ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሁለት ቀን የሚጨርሱት ሰዎች አሉ። አንቺ ግን ልጆችና ትልቅ ሰው ይዘሻል፤ በሦስት ቀን አድርጊው። የመጀመሪያውን ሌሊት አደላይድ፣ ሁለተኛውን ፖርት ኦገስታ እደሩ። ከአደላይድ ፖርት ኦገስታ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው። ያ ቀን ለሁላችሁም እንደ እረፍት ይሆናል። በሦስተኛው ቀን የሚቀራችሁ 540 ኪሎ ሜትር ነው። ኩበር ፒዲ ሁለት ሌሊት እደሩ። አንድ ሌሊት አድሮ የሚመለስ ሰው መንገዱን እንጂ ከተማዋን አያያትም።

ከፖርት ኦገስታ ወዲያ ያለው ስቱዋርት ሃይዌይ ጥሩ አስፋልት ነው። ፎር ዊል ድራይቭ አያስፈልግም። የተለመደው የቤት መኪና፣ ጎማውና ራዲያተሩ ከተፈተሸ፣ ያደርሳችኋል። የሚፈትነው ርቀቱና ባዶነቱ ነው። ፒምባ የምትባል መቆሚያ አለች፣ ቀጥላ ግሌንዳምቦ። ከግሌንዳምቦ እስከ ኩበር ፒዲ ባለው 254 ኪሎ ሜትር ነዳጅ ማደያ የለም። ስልክም በአብዛኛው መንገድ አይሠራም። ማደያ ባገኛችሁ ቁጥር ታንኩ ግማሽ ቢሆንም ሙሉት። ካርታውን ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ አውርዱ። ውሃ በጀሪካን ያዙ፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ብቻ አትመኑ።

ስለ ስንቅ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሐበሻ እዚህ ላይ ይያዛል። ከቪክቶሪያ ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ስትሻገሩ ፍራፍሬ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ምክንያቱ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ሎሚና ብርቱካን ብቻ አይደለም፤ ቲማቲምና ቃሪያም ይከለከላል። ቅጣቱ ቀላል አይደለም። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ በሶው ችግር የለበትም። ቃሪያውን ግን አደላይድ ስትደርሱ ግዙ። ጉዞው ፋሲካ ሳይገባ ከሆነና እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ስንቁን አጠንክሪው። በመንገድ ዳር ማደያዎች የሚሸጠው በብዛት ሥጋና የተጠበሰ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ከምር የምለምንሽ ነገር አለ። ከፖርት ኦገስታ ወዲያ በምሽትና በንጋት አትንዱ። አንድ ጊዜ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብዬ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነዳሁ። ካንጋሮው ከየት እንደመጣ አላየሁትም። መኪናዬ ፊቱ ተጨፍልቆ፣ ራዲያተሩ ፈስሶ፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ለሰዓታት ቆሜ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደረሰልኝ። ብቻዬን ነበርኩ። ልጆች ይዤ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስበው እስከ ዛሬ ይሰቀጥጠኛል። ከፖርት ኦገስታ በጠዋት ተነሱና በእኛ አቆጣጠር እስከ 10 ሰዓት ከተማዋ ውስጥ ግቡ።

ሌላው ሮድ ትሬን የሚባለው ነው። ሦስት አራት ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና ሲሆን ርዝመቱ ከ50 ሜትር በላይ ይደርሳል። እሱን ለመቅደም በጣም ረጅም ባዶ መንገድ ያስፈልጋል። ባለቤትሽ አይቸኩል። ሲያልፋችሁ መኪናውን በነፋስ ይገፋል፤ መሪውን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው።

በመንገድ ላይ ሌክ ሃርት የሚባል የጨው ሐይቅ ታያላችሁ። ከፒምባ አለፍ ብሎ ነው፣ ከአስፋልቱ ይታያል። ቆም በሉ። ልጆቹ እግራቸውን ያፍታቱ። የወሎ ሰው የአፋርን ጨው ስለሚያውቅ እናትሽ የሚሉት አያጡም። ከዚያ ውጭ ግን ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ወደ በረሃው አትግቡ። አካባቢው የዉሜራ የሮኬትና የጦር መሣሪያ ሙከራ ክልል ነው፤ ያለ ፈቃድ አይገባበትም።

ከተማዋ ሳትታይ በፊት የምታዩት ኩይሳ ነው። የምስጥ ኩይሳ የሚመስል፣ ነጭና ሐመር የአፈር ክምር፣ በመቶ በሺህ። ዓይን እስኪደክም ይቀጥላል። እያንዳንዱ ክምር አጠገቡ ጉድጓድ አለው። አንድ ሰው ወይም ሁለት ሦስት ባልንጀሮች ኦፓል ፍለጋ ቆፍረው ያወጡት አፈር ነው።

ታሪኩን ለልጆቹ መንገድ ላይ ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1915 መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች ወርቅ ፍለጋ እዚህ በረሃ ደረሱ። ውሃ አልቆባቸዋል። ዊሊ ሃቺሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ነበር። ልጁ ሰፈር ጠብቅ ተብሎ ተትቶ ሳለ ውሃ ሊፈልግ ወጣ። ሲመለስ ውሃም ኦፓልም አግኝቶ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ቀጥለው መጡ። ምሽግ መቆፈር የለመዱ ሰዎች ስለነበሩ ሙቀቱን ሸሽተው ኮረብታውን እየፈለፈሉ መኖር ጀመሩ። የአካባቢው ጥንታዊ ነዋሪዎች ቦታውን «ኩፓ ፒቲ» አሉት፤ «የነጭ ሰው ጉድጓድ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ይኸው ስም የከተማዋ መጠሪያ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ግሪኩ፣ ሰርቡ፣ ክሮኤሺያዊው፣ ጣሊያኑ መጣ። ዛሬ ከ2 ሺህ የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ የመጡበት አገር ብዛት ግን ከ40 ያልፋል።

ስለ ጉድጓዶቹ አጥብቄ ልናገር። የ6 ዓመት ልጅ ይዘሻልና። ጉድጓዶቹ በማሽን የተቦረቦሩ፣ አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው፣ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር የሚወርዱ ናቸው። አብዛኞቹ አጥር የላቸውም። ክዳንም የላቸውም። ከሁለት እርምጃ ርቀት አይታዩም። መንገድ ዳር ያሉት ምልክቶች «አትሩጥ፣ ወደ ኋላ አትራመድ» ይላሉ። ወደ ኋላ አትራመድ የተባለው ፎቶ ለሚያነሱ ሰዎች ነው። ፎቶ ለማስተካከል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ሕይወት የሚያስከፍልበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቁፋሮው ሜዳ ውስጥ በራሳችሁ አትግቡ። ከመኪና አትውረዱ። ማየት ከፈለጋችሁ ከአስጎብኚ ጋር ሂዱ።

ልጆቹ ኦፓል መፈለግ ከፈለጉ፣ መፈለጋቸውም አይቀርም፣ አስተማማኝ ቦታ አለ። ከተማዋ ውስጥ ጁወለርስ ሾፕ ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ ለሕዝብ የተፈቀደ የአፈር ክምር አለ። ከተጣለው አፈር ውስጥ የቀረች ስብርባሪ መልቀም «ኑድሊንግ» ይባላል። ፈቃድም ክፍያም አያስፈልግም። ትንሽ ማንኪያና ወንፊት ያዙላቸው፣ ኮፍያም። በጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ሂዱ። ብርሃኑ አግድም ሲመጣ ቀለም ያላት ስብርባሪ ብልጭ ትላለች። ውሃ በሚረጭ ጠርሙስ ድንጋዩን እያረጠቡ ማየትም ይረዳል። ብዙ የምታገኙት ቀለም የሌለው ኦፓል ነው፤ እነሱ «ፖች» ይሉታል። ለ6 ዓመት ልጅ ግን እሱም በቂ ነው። የሌላ ሰው የተከለለ ይዞታ ላይ ያለ ክምር መንካት ግን ስርቆት ነው፤ በከተማዋ ትልቁ ነውርም እሱ ነው።

በበጋ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። በሚያዝያ ጥሩ ነው፤ ቀኑ ሞቅ ያለ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ። ሆኖም አንዱን ሌሊት የግድ ከምድር በታች እደሩ። ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ የሚኖረው እንዲህ ነው። ለእንግዳም ከመሬት በታች የተሠሩ ሆቴሎች አሉ። ደረጃ እንደ ገደል የሚያወርድ መስሏቸው እናትሽ እንዳይፈሩ። አብዛኛው ቤት ከኮረብታው ጎን በቀጥታ የሚገባ ነው። በር ከፍተሽ ትገቢያለሽ፣ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ኩሽና። ግድግዳው ራሱ አለቱ ነው፤ የማሽኑ ጥርስ ያለፈበት ክብ ክብ መስመር ይታያል። ክረምት ከበጋ ሙቀቱ ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ነው። አየር ከጣሪያው በቱቦ ይገባል። መብራት ስታጠፊ ጨለማው ፍጹም ነው፣ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ለልጆቹ ትንሽ የሌሊት መብራት ያዢ።

ውሃ ውድ መሆኑን አትርሱ። ከተማዋ የምትጠጣው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከጉድጓድ የሚሳብ ጨዋማ ውሃ ተጣርቶ ነው።

እናትሽን የት ልውሰዳቸው ካልሽ፣ ያለ ጥርጥር ወደ ሰርቢያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን። በነቢዩ ኤልያስ ስም የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው ከፍ ያለና ቅስት ነው፤ ግድግዳው ላይ ከአለቱ የተቀረጹ ቅዱሳን አሉ። ከእኛ ጋር በቀኖና አንድ ባይሆኑም፣ ክፍፍሉ ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ ያለ ነው፣ የወሎ እናት አለት ውስጥ የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ስታይ የሚሰማት ነገር አለ። የራሴን እናት ወስጃቸው ነበር። ከገቡ በኋላ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ዞሩት። ለልጆቹ ልዩነቱን አሳዪአቸው፦ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ ዙሪያው ከአለቱ የተለየ ነው፤ ይሄኛው ከኮረብታው ጎን ወደ ውስጥ በማሽን የተቦረቦረ ነው። ነጠላ ይያዙ፣ ሲወጡም የሚችሉትን መባ ይጣሉ።

ሙዚየም ለማየት ኡሙና የሚባለው የኦፓል ማዕድንና ሙዚየም ጥሩ ነው። ኦልድ ታይመርስ ማይንም አለ፤ የድሮ ቆፋሪዎች በእጅ የቆፈሩት ነው፣ ዝቅ ብሎ መሄድ ስላለበት ለእናትሽ ጉልበት ላይመች ይችላል። ብሬክአዌይስ የሚባሉት ባለ ብዙ ቀለም ኮረብታዎች ከከተማዋ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። የአንታኪሪንጃ ማቱ ያንኩኒትጃትጃራ ሕዝብ መሬት ነው፣ የመግቢያ ፈቃድ ቀድማችሁ ግዙ። መንገዱ ጠጠር ነው። መኪናው የኪራይ ከሆነ ውሉን አንብቡ፤ ብዙ ኪራይ ቤቶች ጠጠር መንገድ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኢንሹራንስ አይከፍሉም። ዝናብ ከጣለ ደግሞ አትሞክሩት።

ወደ ድንጋዩ ልምጣ።

ኦፓል ማለት ሲሊካና ውሃ ነው። ሲሊካው አሸዋ የተሠራበት ያው ነገር ነው። የሚለየው ድንጋዩ ውስጥ ሲሊካው እጅግ ጥቃቅን ኳሶች ሆኖ መደርደሩ ነው። ኳሶቹ መጠናቸው እኩል ሲሆንና እንደ ብርቱካን ክምር በሥርዓት ሲደረደሩ ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ይበተናል፣ ቀለም ይወጣል። ትናንሾቹ ሰማያዊ ይሰጣሉ። ተለቅ ያሉት፣ ወደ 300 ናኖሜትር የሚጠጉት፣ ቀይ ይሰጣሉ። ለዚህ ነው ቀይ ያለበት ኦፓል የሚወደደው፤ ትልልቅ ኳስ በሥርዓት መደርደር ለተፈጥሮም አይቀላትም። እዚህ ድረስ የደላንታውና የኩበር ፒዲው አንድ ናቸው። ቀለማቸው የሚወጣው በአንድ መንገድ ነው።

የሚለያዩት በትውልድ ቦታቸው ነው። የኩበር ፒዲው የተፈጠረው ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል በነበረ ደለል ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚያ የባሕር ፍጥረት አጥንት ወደ ኦፓል ተለውጦ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ቆፋሪ ሙሉ ለሙሉ ለማለት የሚቻል የጥንት የባሕር እንስሳ አፅም አግኝቷል፣ ኦፓል የሆነ። «ኤሪክ» ይሉታል፤ ዛሬ ሲድኒ በሚገኘው የአውስትራሊያ ሙዚየም ነው። በዚያው ኩበር ፒዲ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሜልበርን ኦሊምፒክ ባስተናገደችበት ዓመት፣ ከ3 ኪሎ በላይ የሚመዝን ኦፓል ተገኝቶ «ኦሊምፒክ አውስትራሊስ» ተባለ። የእኛው ግን የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የደጋውን አለት የሠራው እሳተ ገሞራ ካወረደው አመድ መካከል ነው የሚገኘው። በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ገደሉ ላይ አንድ ቀጭን ንብርብር ሆኖ ይዞራል። ዓለም በስፋት ያወቀው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በሰሜን ሸዋ መንዝ የተገኘው ቡኒው ኦፓል ነበር የሚታወቀው፤ እሱ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ የኢትዮጵያን ኦፓል ስም አጉድፎት ቆይቷል። የደላንታው ሲመጣም ያ ስም ሳይለቀው ቀረ። እናትሽን ያስከፋቸው ሰው የደገመው ይህንን የቆየ ወሬ ሊሆን ይችላል።

ውሃ መጠጣቱስ? የደላንታ ኦፓል በኳሶቹ መካከል ክፍት ቀዳዳ አለው። ውሃ ውስጥ ስትከቺው ይመጠዋል። ድንጋዩ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። በእኛ ሙያ ሃይድሮፌን ይባላል። የኩበር ፒዲው ቀዳዳው የተዘጋ ነው፣ እንዲህ አያደርግም። ይህ የባሕርይ ልዩነት ነው፤ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ለግጭት የደላንታው ጠንካራ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ኮንክሪት ላይ እየተጣለ ተፈትኖ አልተሰበረም። አብዛኛው ኦፓል ይህን አይችልም።

ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ግን ውሃ ብቻ አይደለም የሚጠጣው። ዘይት ይጠጣል። ሽቶ ይጠጣል። የሂና ቀለም፣ የእጅ ቅባት፣ የሳሙና ውሃ ይጠጣል። ውሃው ይደርቃል፤ ዘይቱና ቀለሙ ግን እዚያው ሊቀርና ድንጋዩን ሊያጠይመው ይችላል። ሥራ ቤቴ የሚመጡት የተበላሹ የደላንታ ቀለበቶች አብዛኞቹ ውሃ አይደለም ያበላሻቸው፣ ቅቤና ቅባት ነው። እኛ ስንቆርጠውም ይፈትነናል። መቁረጫው በውሃ ነው የሚሠራው፤ በሥራ ላይ ድንጋዩ ይጠራና ቀለሙ የት እንዳለ አይታይም። ስለዚህ ደረቅ ሳለ ቀለሙ የሚያምርበትን ፊት ለይተን ምልክት አድርገን ነው የምንጀምረው። ከጨረስን በኋላ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ እንተወዋለን። ቸኩሎ በሙቀት ያደረቀ ሰው ይሰነጥቀዋል።

አሁን መግዛቱ። አዎ፣ ኩበር ፒዲ መግዛት ጥሩ ነው። እዚያ ያለው ልዩነት ሥራው በአብዛኛው የግለሰብ መሆኑ ነው። ትንሽ መሬት በፈቃድ ይዞ ራሱ የሚቆፍር፣ ራሱ የሚቆርጥ፣ ባለቤቱ ሱቅ የምትሸጥ ሰው ታገኛላችሁ። ድንጋዩ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ የሚነግርሽ ሰው አለ ማለት ነው። ደላንታ ገደል ላይ በገመድ ወርዶ በዶማ የሚቆፍረው ወጣት፣ ዋሻው እየተደረመሰበት፣ ጥሬውን ለደላላ ሸጦ ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ የት እንደደረሰ አያውቅም። ይሄን ልዩነት እዚያ ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

ስትገዢ መጀመሪያ የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሙሉ ድንጋይ ነው፣ ደብሌት ነው፣ ትሪፕሌት?» ሙሉው ከላይ እስከ ታች ኦፓል ነው። ደብሌት ቀጭን ኦፓል ከጥቁር መደብ ጋር የተጣበቀ ነው። ትሪፕሌት በላዩ ግልጽ ክዳን ይጨመርበታል። ሦስቱም በግልጽ ተነግሮ ከተሸጠ ማታለል አይደለም። የዋጋቸው ልዩነት ግን ሰማይና ምድር ነው። እኔም ሙያውን ስጀምር አንድ ሱቅ ውስጥ ትሪፕሌቱን እንደ ሙሉ ድንጋይ ገዝቻለሁ፤ የዚያን ወር ደመወዜን ነው የበላው። ጠርዙ በብር የተሸፈነ ቀለበት ስለነበር ጎኑን ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ ምክሬ፣ ድንጋዩን በቀለበት ሳይሆን ልቅ ሆኖ ግዢ። በጎኑ አዙረሽ እዪ። እንደ ሳንድዊች ቀጥ ያለ መስመር ካለ የተጣበቀ ነው። ኦፓልን በውሃ ነክረሽ እንዳትፈትኚው፤ ደብሌትን ውሃው ሲቆይ ሙጫውን ያላቅቀዋል።

ሁለተኛ፣ ከሱቁ መብራት አውጥተሽ በጥላ ሥር እዪው። ሱቅ ውስጥ ያለው ጠንካራ መብራት ማንኛውንም ኦፓል ያበራል። በደመናማ ቀን ብርሃን የሚያበራ ድንጋይ ነው ጥሩው። ሦስተኛ፣ ድንጋዩን እያዘነበልሽ አሽከርክሪው። ቀለሙ በአንድ በኩል ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ ቀለበት ላይ ስታደርጊው አታይውም። ኩበር ፒዲ በዋናነት የነጭና የክሪስታል (ብርሃን የሚያሳልፍ) ኦፓል አገር ነው። የታወቀው ጥቁር ኦፓል የላይትኒንግ ሪጅ ነው፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ። ኩበር ፒዲ ላይ በርካሽ ጥቁር ኦፓል ካሳዩሽ ጠይቂ። አንዳማካ ከሚባል ሌላ የኦፓል ቦታ የሚወጣው ማትሪክስ፣ ማለትም ከአለቱ ጋር የተቀላቀለ ኦፓል፣ በስኳርና በአሲድ የሚጠቆር አለ፣ የእኛም ድንጋይ በጭስ ጠቁሮ የሚሸጥ አለ። ተነግሮሽ ከገዛሽው ጥሩ ነው። ደረሰኙ ላይ ድንጋዩ ሙሉ መሆኑን፣ ከየት እንደመጣ፣ ክብደቱን በካራትና ቀለሙን ለመቀየር የተደረገበት ነገር መኖር አለመኖሩን አስጽፊ።

እናትሽ ወደ አገር ቤት ስለሚመለሱ አንድ ጥቅም አለ። ከአንድ ሻጭ በ300 ዶላርና ከዚያ በላይ ከገዙ፣ ከአውስትራሊያ ከመውጣታቸው በፊት ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ከሆነ፣ የከፈሉትን የሽያጭ ግብር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ማስመለስ ይችላሉ። ክፍያውን ራሳቸው መፈጸም አለባቸው፣ ድንጋዩንም በእጅ ሻንጣ መያዝ አለባቸው። ደረሰኙ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ስማቸው ይጻፍበት።

እናትሽ ቀለበታቸውን አድርገው ወደ አንድ የቆፋሪ ሱቅ ይግቡ። ከኩበር ፒዲው ነጭ ኦፓል አጠገብ እጃቸውን ያስቀምጡ። ሁለቱን አብራችሁ እዩ። የነሱ ቀለም ረጋ ያለ ነው፣ ከወተት ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። የደላንታው ብዙ ጊዜ ጥልቅ ነው፣ እንደ ማር እንጀራ እየተደረደረ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ባለ ሱቁ ራሱ ቆፋሪ ከሆነ ቀለበቱን አበድሩኝ ብሎ ወደ መስኮት ይወስደዋል። እኔ ላይ ደጋግሞ ደርሷል። ድንጋይ የሚያውቅ ሰው የሌላውን አገር ድንጋይ አይንቅም።

በጉዞው ላይ ቀለበቱን ዕቃ ሲታጠብ፣ ገላ ሲታጠቡና ቅባት ሲቀቡ ያውልቁት። ለልጆቹ የፀሐይ መከላከያ ሲቀቡም እንዲሁ፤ ቅባቱ ዘይት አለው። የኑድሊንጉን አቧራ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። ድንገት ውሃ ገብቶበት ቀለሙ ቢጠፋ አትደንግጡ። በፀጉር ማድረቂያ አታድርቁት፣ የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ አታስመቱት። በደረቅ ጨርቅ ላይ አስቀምጣችሁ ተዉት። አንዳንዱ በሰዓታት፣ አንዳንዱ በቀናት ይደርቃል። መጀመሪያ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ይሆናል፤ ያኔ ተበላሸ ብለው እንዳይጥሉት። ከዚያ በኋላ ነው ቀለሙ ከዳር ጀምሮ የሚመለሰው።